የዘለልኩት አራተኛው አንቀጽ

የልጅ ልጆቼ ጀርባዬን ባዩ ቁጥር «አያታችን እኮ አርበኛ ነበር» ይባባላሉ። ለጎረቤትም ያወሩታል። እኔም እያሳለኝ አስመስዬ አልፈው ነበር፤ ሰው ሲያከብርህ እውነቱን መናገር ከባድ ነው። ዘንድሮ ግን ትልቋ የልጅ ልጄ ደብተሯን ይዛ ፊቴ ተቀመጠችና «አባባ፣ ስንት ጣሊያን ገደሉ?» አለችኝ። አንድም አልገደልኩም። ጀርባዬ ላይ ያለው የጥይት ሳይሆን የጅራፍ ጠባሳ ነው፤ ጅራፉም የመጣብኝ የጣሊያንን እንጀራ እየበላሁ በሠራሁት ሥራ ነው። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ አርበኛም በሉኝ፣ ሌላ ስምም አውጡልኝ፣ እንደ ፍርዳችሁ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ከአንድ ነጋዴ ጋር የጭነት በቅሎ እየነዳሁ አስመራ ድረስ ሄጄ፣ እዚያው ቀርቼ አራት ዓመት በአንድ ጣሊያናዊ ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ። ቋንቋቸውን ከዚያ ይዤው መጣሁ። ንባቡንና ጽሕፈቱን ደግሞ በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ተምሬያለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው በአካባቢው ስላልነበረ አስተርጓሚ አደረጉኝ። ይጁቤ ላይ የጦር ሰፈር ሲከፍቱም ከአንድ ጣሊያናዊ መቶ አለቃ ጋር ወደዚያ ላኩኝ። የተወለድኩበት መንደር ከይጁቤ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ባንዳ ነበርክ ወይ ብትሉኝ «ጠመንጃ አልያዝኩም» እላለሁ። ይህን መልስ ለራሴም ስሰጠው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀንም አላጠገበኝም። እውነቱን ለመናገር በካኪ ኮቴና በበቅሎዬ ደረቴን እነፋ ነበር።

የአገሩ ሹም ግራዝማች ደምስ ይባላል። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ሹም ነበር፤ ከመጣም በኋላ ሹም ሆነ። ባንዳዎቹን የሚያዝ እሱ ነው። እሱ ጣሊያንኛ አያውቅም፣ መቶ አለቃው አማርኛ አያውቅም፣ እኔ በመካከላቸው ቆሜ የአንዱን ቃል ለአንዱ አቀብላለሁ።

በጥቅምት ከይጁቤ ወጣ ብሎ አንድ የጣሊያን የጭነት ካሚዮን በአርበኞች ተመታ። በሦስተኛው ቀን ከማርቆስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። አምስት አንቀጽ ነበረው። ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ስለሆንኩ እስከ ዛሬ በቃሌ ነው። አንደኛው ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው ይላል። ሁለተኛው ከፀሐይ ግባት በኋላ መንገድ መሄድን፣ ሦስተኛው መሣሪያ መደበቅን ይከለክላል። አምስተኛው ቅጣቱ ነው፤ አዋጁን የጣሰ ሰው ቤቱ ይቃጠላል፣ እሱ ማርቆስ ይታሠራል። ማርቆስ ከታሠሩት ደግሞ የተመለሰ አላየንም።

አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ለሃይማኖቱ፣ ለሠርጉ ወይም ለሐዘኑ ቢሰበሰብ ይህ ክልከላ አይነካውም። የሬዚደንቱ ፊርማ ያለበት ወረቀት ያልያዘ ወታደር የሰው ቤት አይገባም። በቤቱ የጦር መሣሪያ ወይም የሚፈለግ ሰው ከተገኘ ግን ባለቤቱ በአምስተኛው አንቀጽ ይቀጣል።» ሬዚደንቱ ማርቆስ የተቀመጠው የጣሊያን ገዢ ነው። ይህን ለምን እንደ ጻፉት አላውቅም። ርኅራኄ አይመስለኝም። ሠርጉንና ለቅሶውን ከከለከሉት ገበሬው ሁሉ ጫካ እንደሚገባ የተረዳ አንድ ሰው እዚያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

የይጁቤ ገበያ ሞልቶ ሳለ ጥሩምባ ተነፋ። እኔ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። መቶ አለቃው ራቅ ብሎ በቅሎው ላይ ተቀምጧል፤ ትርጉሙን አስቀድሜ ያሰማሁት ግራዝማች ደምስ አጠገቤ ቆሟል። ሦስተኛውን እንደ ጨረስኩ ኮቴን ሳብ አደረገው።

«አራተኛውን ተወው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለምን፣ ጌታዬ?»

«ገበሬን ‹ቤትህ አይገባብህም› ያልከው ዕለት ቤቱን ምሽግ ያደርገዋል። ወደ ቅጣቱ እለፍ።»

ዘለልኩት። አንባቢዬ፣ ጠመንጃ ተደግኖብኝ ነው ብዬ ብዋሽ ማን ይመሰክርብኛል? ግን አልተደገነብኝም። ፀሐይዋ አናቴን እየበሳችው ነበርና ቶሎ ጨርሼ መውረድ ነው የፈለግሁት፤ በልቤ የማስበው ምሳዬን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ እያየሁ እንዳላየ ሆንኩ። አንዲት ሙሽራ ከአራት ሰው ጋር፣ ያለ ዘፈን ያለ እልልታ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ዝም ብላ ስትሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት። በኅዳር ደግሞ አያ ውቤ ሞቱ። አያ ውቤ የክርስትና እናቴ የወይዘሮ ይመኙሻል ባል ናቸው። እናቴ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደጉኝ እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው። ከይጁቤ ቤታቸው አንድ ሰዓት አይሞላም። ለቅሶ አልደረስኩም። «እኔ አምስተኛ ሆኜ ከገባሁ ለሌላ ዘመድ ቦታ አሳጣለሁ» ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለሐዘን በቤት መሰብሰብ እንደሚቻል ከአገሩ ሰው ሁሉ ከሚያውቁት ሁለቱ አንዱ ሆኜ ነው እንዲህ ያልኩት።

ጥር ሃያ ሦስት ቀን ረፋዱ ላይ ግራዝማች ደምስ እየተጣደፈ ሰፈር ገባ።

«አንድ ቤት ሰው እየተሰበሰበ ነው» አለኝ። «የሚገቡት አንድ በአንድ፣ እየተራራቁ ነው። ሴቶቹ በነጠላቸው ሥር የደበቁት ነገር አለ። በሩን በጠራራ ፀሐይ ዘግተውታል። የሽፍታ ምክር ነው ብለህ ንገረው።»

ነገርኩት። መቶ አለቃው ስድስት ባንዳ አስነሥቶ ወዲያው ወጣን። ከሬዚደንቱ ወረቀት ማስፈረም እንዳለበት ለእሱ ትዝ አላለውም። ለእኔ ትዝ ብሎኛል፤ ዝም አልኩ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ።

ወንዙን ተሻግረን አቀበቱን ስንጨርስ መብረቅ የሰነጠቀው የዋንዛ ዛፍ ታየኝ። ያንን ዛፍ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ፍሬውን ከልክ በላይ በልቼ ሆዴን ያመመኝ እሱ ሥር ነው።

«የማን ቤት ነው የምንሄደው?» አልኩት ግራዝማች ደምስን።

«የይመኙሻል። ምነው፣ ታውቃታለህ?» ብሎ ፈገግ አለ። እንደማውቃቸው አሳምሮ ያውቃል።

ክው አልኩ።

እነሱ የተሰበሰቡበትን ምክንያት በኋላ ነው የተረዳሁት፤ እናንተ ግን አሁን ብታውቁት ይሻላል። የጊዮርጊስ ማኅበርተኞች ናቸው። በየወሩ በሃያ ሦስት በተረኛው ቤት ተሰብስበው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ ጠላ ጠጥተው፣ ጸልየው ይለያያሉ። ሲለያዩ የሚቀጥለው ወር ተረኛ የማኅበሩን ጽዋ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋ ያለበት ሰው ሳይደግስ ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። አዋጁ በተነበበ ጊዜ ጽዋው ወይዘሮ ይመኙሻል ቤት ነበር። ሰው መሰብሰብ ስለተፈራ ሦስት ወር እዚያው ተቀመጠ፤ አያ ውቤም ጽዋው እቤት እያለ ሞቱ። ወይዘሮ ይመኙሻል «ከዚህ በላይ የጊዮርጊስን ጽዋ አስሬ አልቀመጥም፣ የመጣው ይምጣ» ብለው ማኅበርተኛውን አንድ በአንድ እንዲገባ አስጠሩት። በር የዘጉትም፣ ዳቦውን በነጠላ ሥር የደበቁትም እኔ ድንጋይ ላይ ቆሜ ያነበብኩትን ፈርተው ነው።

ባንዳዎቹ በሩን በእግራቸው መትተው ገነጠሉት። ግራዝማች ደምስ ቀድሞ ገባ፤ መቶ አለቃው ሽጉጡን ይዞ ተከተለ፤ እኔ ከኋላው።

ዐሥር ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሽማግሌና ባልቴት። በመካከላቸው የተቆረሰ ዳቦ ተቀምጧል፣ ጠላው በዋንጫ በዋንጫ ተቀድቷል። የማኅበሩ ካህን ቄስ አለኸኝ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

ወይዘሮ ይመኙሻል ከምሰሶው ሥር ተነሡ። ጸጉራቸውን ተላጭተው ከል ለብሰዋል። ዓይናቸው መቶ አለቃውን አልፎ እኔ ላይ ዐረፈ።

«ልጄ አየነው፣ አንተ ነህ?»

ዓይኔን ወደ ኮቴ ቁልፍ ዝቅ አደረግሁ።

«አዋጁን አልሰማሽም?» ብሎ ግራዝማች ደምስ ጮኸባቸው።

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ። ከልጄ አፍ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?»

«ማኅበር ነው እንጂ ምክር አይደለም» አሉ ቄስ አለኸኝ። «እርስዎም ማኅበርተኛ ነዎት፣ ያውቁታል።»

ግራዝማች ደምስ ወደ አንዱ ባንዳ ዞሮ በአገጩ ምድጃውን አሳየው። ባንዳው ከጣራው ክዳን አንድ እፍኝ ሣር መዘዘ፣ ምድጃው ላይ ለኮሰውና ወደ ማገሩ አነሣው። ጥር ነው፤ ያ ጣራ እሳት ከነካው ውሃ አያድነውም። ወይዘሮ ይመኙሻልም ለማርቆስ እሥር ቤት ሁለት ሳምንት የሚበቃ ሥጋ አልነበራቸውም።

«በሕግ አምላክ!» አሉ ቄስ አለኸኝ።

አልጮኹም፤ ግን ባንዳው እጁን እንዳነሣ ቀረ። የአገር ልጅ ነዋ። በእኛ አገር የሚደባደቡ ሰዎች እንኳን በሕግ አምላክ ሲባሉ በትራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ የሚሄደውም ይቆማል፤ ባንዳነት ይህን ልማድ ከእጁ አላስለቀቀውም። ሣሩ እጁ ላይ እየነደደ ግራዝማቹን አየ፣ ቄሱን አየ፣ ከዚያ ጣቱን ሲፈጀው መሬት ላይ ጣለና በእግሩ ረገጠው።

መቶ አለቃው ግራ ገባው። «ለምን አቆመ?» አለኝ በጣሊያንኛ።

«የሕግን ስም ጠሩበት፣ ጌታዬ።»

«የትኛውን ሕግ?»

እስኪ እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም በሉልኝ። ሰውዬው ይህን የጠየቀው በቅን ነው። ቄሱ የጠሩት የሕግን አምላክ እንጂ አንቀጽ ቆጥረው አይደለም። ግን ጥያቄው ሆዴ ውስጥ ሲገባ ሦስት ወር የተኛው አራተኛ አንቀጽ ብድግ አለ። ባለሥልጣኑ ፊቴ ቆሟል፤ ሕጉ ኪሱ ውስጥ አለ። የማያውቁት እነዚያ ቤታቸው ሊነድ የቀረበው ብቻ ናቸው።

«አራተኛውን» አልኩት።

መቶ አለቃው ወረቀቱን አውጥቶ አነበበው። ጆሮው ቀላ። የተፈረመ ወረቀት ሳይዝ የሰው ቤት ሰብሮ መግባቱ ያን ጊዜ የታወቀው መሰለኝ። ቀጥሎ ግን ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ።

«አራተኛውን ካወቁት፣ በቤታቸው መሰብሰብ እንደሚችሉ ያውቃሉ። ታዲያ በር ለምን ዘጉ? የሚደበቅ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።»

ልክ ነበር። የተፈቀደለት ሰው በር ዘግቶ አይጸልይም። ወይዘሮ ይመኙሻልን አየኋቸው፤ የምንባባለው አይገባቸውም፣ የኔን ከንፈር ብቻ ያያሉ። ጣሊያንኛው ከአፌ ሲወጣ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

«አያውቁትም፣ ጌታዬ። በገበያው ሳነብ ዘለልኩት።»

«ማን አዘዘህ?»

በጣቴ ግራዝማች ደምስን አሳየሁት። ግራዝማቹ ስሙ ሳይጠራ ነገሩ ገባው። «ምን አልከው?» አለኝ።

«እውነቱን።»

«እኔ አላዘዝኩህም! በራስህ ነው የዘለልከው። ንገረው!»

ነገርኩት። አስተርጓሚ ነኛ። በራሴ ላይ የተመሠረተውን ክስ አንድ ቃል ሳላጎድል ራሴ ተረጎምኩት። መቶ አለቃው ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየና ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

«አሁን አንብብላቸው።»

ወረቀቱ አላስፈለገኝም። በአማርኛ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በቃሌ አልኩት። ለሃይማኖቱ፣ ለሠርጉ፣ ለሐዘኑ። ወይዘሮ ይመኙሻል አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረቡ።

«ድገመው፤ የሐዘኑን።»

«ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ለሐዘኑ ቢሰበሰብ ክልከላው አይነካውም ይላል፣ እናቴ።»

«ሰው ቤቴ ገብቶ አብሮኝ ማልቀስ ይችል ኖሯል?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነው ያለቀስኩት» አሉ። «ድምፄ ወጥቶ ሰው ቢሰበሰብ ሰው አስፈጃለሁ ብዬ። ውቤን ያህል ሰው እንደ ውሻ ዝም ብዬ ነው የሸኘሁት። እና የከለከለኝ አልነበረም?»

ቁጣ አልነበረም በድምፃቸው፤ እሱ ነው የገደለኝ። ሰው የጠፋበትን ዕቃ ድንገት ሲያገኘው እንደሚጠይቀው ነበር የጠየቁት። ያን ዕለት ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ እንደዚያ ጥያቄ ያመመኝ ግን የለም።

መቶ አለቃው ሽጉጡን ወደ አፎቱ መለሰ። አበቃ ብዬ ነበር። ግራዝማች ደምስ ግን ነገሩ ወደ እሱ ሊዞር መሆኑ ገብቶታል። በጣቱ ሰዎቹን ቆጠረ፣ ዋንጫዎቹንም ቆጠረ፣ ዐሥሩንም ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ከዚያ አንድ ጨምሮ ለመቶ አለቃው አሳየው።

«ሰው ዐሥር፣ ዋንጫ ዐሥራ አንድ! የተቆረሰውም ዳቦ ዐሥራ አንድ ነው። አንዱ የት ሄደ? የሚፈለግ ሰው ቤቱ ውስጥ አለ፤ ንገረው!»

የደነገጥኩት በድፍረቱ ነው። በጊዮርጊስ ማኅበር አንድ ድርሻ ሁልጊዜ ተርፎ ይቀመጣል፤ የጊዮርጊስ ድርሻ ይባላል። በማኅበሩ ሰዓት ደጅ የመጣ እንግዳ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በሰማዕቱ ስም ይቀመጥና ይቀበለዋል። ግራዝማች ደምስ በገዛ ቤቱ ይህን ድርሻ ስንት ዓመት አስቀምጧል። የሰማዕቱን ዋንጫ የሰው ማቃጠያ ሲያደርገው ዓይኑን አላሸም።

መቶ አለቃው ራሱ ቆጠረ። ዐሥራ አንድ። ልማዱን ነገርኩት፤ ቄስ አለኸኝም በመስቀላቸው እየማሉ አስረዱ። «የሞተ ቅዱስ ጠላ አይጠጣም» አለ መቶ አለቃው። ባንዳዎቹ ጎተራውን በሳንጃ ወጉት፣ አልጋውን ገለበጡት፣ ከብቶቹ ወዳሉበት ጉረኖ ገብተው ፈተሹ። ምንም የለም።

«አምልጧል» አለ ግራዝማች ደምስ። ተረጎምኩ።

«ዐሥራ አንደኛው ማን እንደሆነ ካልነገሩኝ» አለ መቶ አለቃው «አራተኛው አንቀጽ አያድናቸውም። መጨረሻውን አንተው አንብበኸዋል።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሰዎቹ የሌለ ሰው ስም ከየት ያምጡ? ያ ባንዳ ሌላ ሣር ከክዳኑ መዘዘ።

ወይዘሮ ይመኙሻል ጎንበስ ብለው ዐሥራ አንደኛውን ዋንጫ አነሡ። በሁለት እጃቸው ይዘውት በሰዎቹ መካከል መጡ። መቶ አለቃው ለእሱ መስሎት እጁን ሊሰድ ምንም አልቀረውም። አለፉት። ፊቴ ቆሙ።

«ያንተ ነው» አሉኝ። «ቁጭ በል፣ ልጄ።»

«እናቴ፣ እኔኮ…»

«ደጄን ገብተሃል። በማኅበር ሰዓት የገባውን እንግዳ ምን ሠርተህ መጣህ ብዬ አልጠይቅም። ቁጭ በል።»

ያን ዋንጫ የተቀበለ ሰው ከማኅበሩ ይቆጠራል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ግራዝማች ደምስም ያውቃል። ቤቱ ከተቃጠለ ከባለቤቶቹ ጋር ወደ ማርቆስ የምነዳ ሰው መሆኔ ነው። ካልተቀበልኩ ደግሞ በቅሎዬ ደጅ ቆማለች፣ ኮቴም ገላዬ ላይ ነው። እውነቱን ልናገር፤ በሩን አየሁት። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ አየሁት። ከዚያ ጠላው ከዋንጫው ጫፍ በእሳቸው እጅ ላይ ሲፈስ አየሁና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ኮቴን ለምን እንዳወለቅሁት አላውቅም፤ ብቻ አወለቅሁት። ዋንጫውን ተቀበልኩ።

«ዐሥራ አንደኛው እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አልኩት መቶ አለቃውን ቀና ብዬ።

«አንተ የመጣኸው ከእኔ ጋር ነው።»

«ለሚመጣው ነው ያስቀመጡት። ዛሬ የመጣሁት እኔ ነኝ።»

ጠጣሁት፤ እስከ አተላው። ሁሉም ያየኛል። መቶ አለቃው «ይህችን ሴት ጠይቅልኝ» አለ። «ቤቷን ሊያቃጥል ለመጣ ሰው ነው የምታጠጣው?»

ጠየቅኋቸው። «ደጄ ገብቷል በለው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

በሰውዬው ልብ ውስጥ ምን እንደ ዞረ አላውቅም። ደግ ሰው ነበር ብዬ አላሞግሰውም፤ ብዙ ክፉ ነገር ሲያዝ አይቼዋለሁ። ምናልባት አለቃው ያለ ወረቀት ያቃጠለውን ቤት ቢሰማ የሚደርስበትን አስቦ ይሆናል። ብቻ ባንዳውን «ጣለው» አለው፤ ያ ሣር ሳይለኮስ ወደቀ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ወረቀት ያልያዝኩት የእኔ ጥፋት ነው። ያላነበብከው ያንተ ነው። እሰሩት።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እጄ የፊጥኝ ታስሮ ይጁቤ ገበያ ቀረብኩ። ያው ድንጋይ ላይ አቆሙኝ። አራተኛውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ፣ ሕዝቡ እየሰማ። ከዚያ አውርደው ሠላሳ ጅራፍ ገረፉኝ። ያስገረፈኝ ግራዝማች ደምስ ነው፤ እሱን የነካው የለም። ጣሊያን ሲወጣም ሹም ነበር። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚሉት ለንጉሥ ብቻ አይደለም ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ጠባሳው ይህ ነው። አንባቢዬ፣ ምን ተማርክ አትበለኝ፤ የመማሪያ ነገር አልመሰለኝም ነበር፣ የመደንገጫ እንጂ። ዛሬም የሚያስደነግጠኝ የጣሊያን ክፋት አይደለም፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ጠላት በገዛ እጁ በእኚያ ባልቴት ቤት ዙሪያ አጥር አጥሮላቸው ነበር፤ አጥሩን የነቀልኩት በጡታቸው ጫፍ ማር ቀብተው የጡት ልጃቸው ያደረጉኝ እኔ ነኝ። ለዚያውም ምሳ ደርሶ። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ ሴቶች ባንዳ ሲመጣባቸው በር ላይ ቆመው «ወረቀትህን አሳየኝ» ማለት ጀመሩ። ሁልጊዜ ሠራ አልልም፤ ገፍትሮ የገባም አለ፣ የተቃጠለም ቤት አለ። የተመለሰም ግን አለ። ለእኔ የቀረልኝ አንድ ልማድ ነው። ማንም ወረቀት ሲያነብልኝ፣ የዕድር ደንብም ይሁን የልጆቼ ደብዳቤ፣ ሲጨርስ «የዘለልከው አለ?» እለዋለሁ። ቤተሰቡ ይስቅብኛል። እናንተም ሳቁ፤ ግን ጠይቁ።

አንድ ነገር ቀረ።

ከገበያው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው የወሰዱኝ ወይዘሮ ይመኙሻል ቤት ነው። በደረቴ ተኝቼ እሳቸው ጀርባዬን ቅቤ ይቀቡኛል። በማግስቱ ጧት የሰው ድምፅ ከሩቅ ሰማሁ። ሰው በአቀበቱም በቁልቁለቱም እየመጣ ነው፤ ዐሥር አይደለም፣ ሃምሳ አይደለም። በሩ እንደ ተገነጠለ ስለነበር የሚያንኳኳ የለም። ገብተው በአያ ውቤ ስም አለቀሱ፤ ሁለት ወር አልፎታል፣ እነሱ ግን ትናንት የሞቱ ያህል ነበር የሚያለቅሱት። ወይዘሮ ይመኙሻል ደረታቸውን ሲመቱ የእጃቸው ድምፅ እስከ መኝታዬ ይሰማኛል። እኔ ፊቴን ቁርበቱ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። ተነሥቼ አብሬያቸው ማልቀስ አልቻልኩም።

ሰው ከተበተነ በኋላ አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ። ድምፃቸው ጎርንኖ ነበር።

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ዋንጫዬን ተቀብለህ የለ?» አሉና ጀርባዬ ላይ ቅቤውን ዳበሱ። «ብቻ ውቤ ያንን ለቅሶ አልሰማውም።»